ስለ ራስ የደም ሥር ብግነትና ስለ ዐይን ብርሃን አጭር የታሪክ ጥናት

በታች አርማጭሆ በሳንጃም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል አንድ ሽማግሌ ብርሃኑን ሲያጣ አስቀድሞ የሚታሰበው የሞራ ግርዶሽ ነው። አሳቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዕውራን ግማሽ የሚያህሉት በዚሁ የታወሩ ነበሩ። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ሞራ ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል፤ በራስ የደም ሥር ብግነት የጠፋ ዐይን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የዚህን በሽታ ታሪክ መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በሽታው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ይይዛል፤ ይበልጥ የሚታየውም በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ላይ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠባል፤ ወደ ዐይን ነርቭ የሚሄደው ደም ሲቋረጥም ዐይን በድንገት ይጨልማል። ሁለተኛው ዐይን በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

በ1000 ገደማ በባግዳድ የነበረው የዐይን ሐኪም ዐሊ ኢብን ዒሳ በጆሮ ግንድ አጠገብ ያሉት የደም ሥሮች ከዐይን ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አስተውሎ፣ እነርሱን መተኰስን መከረ። በአገራችንም ለዐይን ሕመም ቅንድብን መብጣት የቈየ ልማድ ነው። በ1890 እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን የራሱ የደም ሥሮች ከመቅላታቸውና ከማበጣቸው የተነሣ ባርኔጣ ማድረግ ስለ ተሳነው ሽማግሌ ጻፈ። በ1932 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ባያርድ ሆርተንና ባልደረቦቹ ከታመመው ሥር ቁራጭ ወስደው ብግነቱን በማይክሮስኮፕ አሳዩ። ዐይንን የሚያድን መድኃኒት የተገኘው ግን ከ1949 በኋላ፣ ኮርቲዞን ሥራ ላይ ሲውል ነው።

በማግኔት ኀይል የሚሠራው ኤምአርአይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፖል ላውተርበር በ1973 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን አሳተመ፤ በ2003ም ከፒተር ማንስፊልድ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ሲሰጥ የተቈጣው ግድግዳ በሥዕሉ ላይ ደምቆ ይታያል። በ2000ዎቹ በጀርመን አገር የፍራይቡርግ ሐኪሞች በዚህ ዘዴ ቀጫጭኖቹን የራስ ደም ሥሮች መረመሩ። ጥቅሙም ሥጋ ሳይቈረጥ ብዙ ሥሮችን ባንድ ጊዜ ማየት መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ በ2018 የወጣው የአውሮፓ የሪህ ሐኪሞች መመሪያ ለራስ ሥሮች አልትራሳውንድን አስቀደመ፤ ሥዕል እስኪነሣ ተብሎም ሕክምና እንዳይዘገይ አስጠነቀቀ።

እንግዲህ ከታሪኩ የምንረዳው መሣሪያው ማረጋገጫ እንጂ የሕክምናው መጀመሪያ አለመሆኑን ነው። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የጤና መኰንኖችን ያሠለጠነው፣ ትልቅ ሆስፒታል በሌለበት አውራጃ በሽታን ለይተው እንዲያክሙ ነበር። ዛሬም በሳንጃ ያለ የጤና ባለሙያ አዲስ የራስ ምታት የያዛቸውን አዛውንት «ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይዝላል? ጥምጥም ሲያስሩ ራስዎን ያምዎታል? ዐይንዎ ለጊዜው ጨልሞ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልሳቸው «አዎን» ከሆነ ጉዳዩ የቀጠሮ ሳይሆን የዕለት ነው፤ ሐኪም አማክሮ ፕሬድኒሶሎን ወዲያው ማስጀመር፣ ከዚያም ለምርመራ ወደ ጎንደር መላክ ይገባል። ሥዕሉ ቢዘገይ የሚጐድለው ማስረጃ ነው፤ መድኃኒቱ ቢዘገይ ግን ብርሃን ነው።