ከ8ቱ ሰከንድ በፊት የነበሩት ዓመታት

ብስክሌት የምትጋልቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ እዚህ ብዙ ናችሁ። አንዱ ትከሻው ተሰብሮ ከርሞ፣ "ጋሼ፣ ለብቻዬ ስጋልብ ደህና ነኝ፤ ከቡድኑ ጋር ስወጣ ግን ለምን እቀራለሁ?" ብሎ ጽፎልኛል። እኔ እንግዲህ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች ነው።

ግሬግ ሌሞንድ በ1986 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ውድድር ላይ ወድቆ እጁ ተሰበረና ሊያገግም ካሊፎርኒያ ገባ። ኤፕሪል 20 ቀን 1987 ከዘመዶቹ ጋር አደን ወጣ። አማቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ አውሬ መስሎት ተኮሰ። ትንንሽ የእርሳስ ጥይቶች ጀርባውንና ጎኑን በሱት፤ ቀኝ ሳንባው ሥራ አቆመ፤ ከደሙ ከግማሽ በላይ ፈሰሰ። በአጋጣሚ በአካባቢው የነበረ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ነው ሆስፒታል ያደረሰው። ከ30 በላይ ጥይቶች ሊወጡ ስላልቻሉ እዚያው ቀሩ፤ አንዳንዶቹ የልቡ ሽፋን ላይ።

ሰው የሚያወራው ከዚህ በኋላ ያለውን ተአምር ነው፦ በ1989 ቱሩን በ8 ሰከንድ አሸነፈ። መሃል ያለውን ግን ማንም አይተርከውም። በዚያው በ1987 አንጀቱ ተዘግቶ እንደገና ቀዶ ሕክምና፤ በ1988 ደግሞ የእግሩ ጅማት ተቆጥቶ ሌላ ቀዶ ሕክምና። ሁለት ቱር አመለጠው። በ1989 ጂሮ ዲ ኢጣሊያ ላይ ተራራው በመጣ ቁጥር ከቡድኑ ይቀራል፤ ብስክሌቱን ጭራሽ ስለመተው ማሰብ ጀምሮ ነበር። ደሙ ብረት አንሶት ስለነበር መርፌ ተወጋ። በመጨረሻው ቀን፣ ሰዓት ተይዞ ለብቻ በሚጋለብበት ክሮኖ፣ ሁለተኛ ወጣ!

የተማሪዬም ነገር ይሄው ነው። ለብቻህ ስትጋልብ ፍጥነቱን የምትመርጠው አንተ ነህ። በቡድን ውስጥ የፊተኛው ሰው ነፋሱን ይሰብርልሃል፣ ብዙ ጉልበት ታተርፋለህ፤ ግን እሱ ድንገት ሲጨምር አንተም ያኔውኑ መጨመር አለብህ። አንድ ሜትር ካመለጠህ አምስት ይሆናል፣ ከዚያ ነፋሱ በሙሉ የአንተ ነው። ይሄ ድንገት የመጨመር አቅም ሌሞንድ ጋ ዘግይቶ ነው የመጣው።

በቱሩ ላይ ቡድኑ ደካማ ስለነበር የሌሎቹን ጎማ ይዞ ወጣ። "ተጎታች" ብለው ወቀሱት። እኔ ስድብ ነው አልልም፤ አቅሙን የለካ ሰው ሥራ ነው።

መሪው ደግሞ ከትሪያትሎን የመጣ ነበር። በዚያን ጊዜ ትሪያትሎን ሰው ኋላ ተከልሎ መጋለብን ስለሚከለክል፣ ስፖርተኞቹ ክርን አስደግፎ እጅን ወደፊት የሚሰበስብ መሪ ለምደው ነበር። የብስክሌት ባለሙያዎቹ ናቁት፤ ሌሞንድ ገጠመው። ጁላይ 23 ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ቀርቷል፣ እሱ በ50 ሰከንድ ተበልጧል። በ26 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ። በሰዓት ከ54 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

የተሸነፈው ሎራን ፊኞ ያንን መሪ አልገጠመም፤ ጸጉሩን ከኋላ አስሮ፣ ያለ ቆብ ነው የጋለበው። ግን እሱም እኮ ከጉዳት የተመለሰ ሰው ነበር! በ1983 እና በ1984 ቱሩን አሸንፎ፣ በ1985 የተረከዙ ጅማት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ወደዚያ ከፍታ ለመመለስ አራት ዓመት ፈጀበት። ሌሞንድ ከተራራ ተራራ ሲቀር የነበረበትን ያንን ጂሮ ያሸነፈው ራሱ ፊኞ ነው። በቱሩ የመጨረሻ ቀናት ደግሞ መቀመጫው ላይ ቁስል ወጥቶበት ኮርቻው ላይ መቀመጥ ሥቃይ ሆኖበት ነበር። በዚያ ሁኔታ 58 ሰከንድ አጣ።

ሌሞንድ በ1990ም ደገመው፣ እርሳሱን እንደተሸከመ። ፊኞ ቱሩን ዳግም አላሸነፈም፤ በ2010 በካንሰር ሲሞት 50 ዓመቱ ነበር።