መጽሐፍ የሌለበት ቤተ መጻሕፍት

በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በአሜሪካ ሆስፒታሎች ደም ከተሰጣቸው በሽተኞች አንዳንዶቹ ከሳምንታት በኋላ በጉበት በሽታ ይያዙ ነበር። የተለገሰው ደም ከሄፓታይተስ ቢ ነፃ መሆኑ ቢረጋገጥም በሽታው አልቀረም። በ1975 ዶክተር ሃርቬይ ኦልተርና ባልደረቦቻቸው በሽታው ከሄፓታይተስ ኤም ሆነ ከቢ የተለየ መሆኑን አሳዩ። ስም ስላልተገኘለትም «ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ» ተብሎ ተጠራ። ቫይረሱ ግን ተለይቶ አልታይ፣ በላቦራቶሪም አልራባ ብሎ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቃውንቱን አስቸገረ።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ሳቶሺ ሚዙታኒ በአንድ ወገን፣ ዴቪድ ባልቲሞር በሌላ ወገን፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኤንዛይም አገኙ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች መልእክቱ ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም ብለው ያምኑ ነበር። ቴሚንና ባልቲሞር በ1975 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በዚህ ኤንዛይም የሚሠራው ቅጂ ሲዲኤንኤ ይባላል። ቅጂዎቹ ለየብቻ ባክቴሪያ ውስጥ ይገቡና አብረው ይራባሉ። ይህ ስብስብ «የሲዲኤንኤ ቤተ መጻሕፍት» ይባላል፤ ሲፈለግ እንደ መጽሐፍ አንዱ ተለይቶ ይወጣልና።

በካሊፎርኒያው ካይሮን ኩባንያ ማይክል ሃውተን፣ ኩዊ ሊም ቹና ጆርጅ ኩዎ ከዳንኤል ብራድሊ ጋር በመተባበር በሽታው ከያዘው ቺምፓንዚ ደም እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት አዘጋጁ። ባክቴሪያዎቹ በያዙት ቅጂ መሠረት ፕሮቲን ስለሚሠሩ፣ በበሽተኛ ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የቫይረሱን ፕሮቲን ይለያል ብለው ፈተሹ። ከአንድ ሚሊዮን ገደማ መካከል የተገኘው አንድ ብቻ ነበር! በ1989 ግኝቱ ታተመ፤ ቫይረሱም ሄፓታይተስ ሲ ተባለ። በ1990 የደም ምርመራው ተጀመረ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃውተን በ2013 ቹና ኩዎ ያልተካተቱበትን የጌርድነር ሽልማት አልቀበልም አሉ። በ2020 የኖቤል ሽልማትን ከኦልተርና ከቻርልስ ራይስ ጋር ተካፈሉ።

ዛሬ ብዙዎቹ በሽተኞች ከሁለት እስከ ሦስት ወር በሚዋጥ ኪኒን ይድናሉ። በሽታው ግን ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በተለይ ከ1992 በፊት ደም የተሰጠው ሰው እንዲመረመር ሐኪሞች ይመክራሉ።