የጎንዛ አንደበት

ለመሆኑ መኳንንት ቋንቋን ሊፈጥሩ ይችላሉን? በጃፓን ደቡባዊ ጥግ፣ በኪዩሹ ደሴት በሚገኘው በካጎሺማ፣ በጥንት ስሙ በሳትሱማ፣ ስለሚነገረው ዘዬ የሚወራው ታሪክ «አዎን» ይላል። የቶኪዮ ሰው ጆሮውን አቁሞ ቢያዳምጥ እንኳ ብዙው ያመልጠዋል። አገሩን እስከ እ.ኤ.አ. 1871 የገዙት የሺማዙ መሳፍንት ከማዕከላዊው መንግሥት የሚላክ ሰላይ በአነጋገሩ እንዲጋለጥ ሲሉ ሆን ብለው ቋንቋውን አጣመሙት ይባላል።

ወሬው ይጥማል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን አይቀበሉትም። በመደበኛው ጃፓንኛ አፍ «ኩቺ»፣ አንገት «ኩቢ»፣ ምስማር «ኩጊ»፣ ጫማ «ኩትሱ» ነው። የካጎሺማ ሰው የቃሉን መጨረሻ ጉሮሮው ውስጥ ስለሚያስቀረው አራቱም በድንገት የተቆረጠ «ኩ» ይሆናሉ። «ዳይኮን» የተባለውንም ሥራ ሥር «ዴኮን» ይለዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ያለ አዋጅ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚመጣ ነው። ሳትሱማ ደግሞ በተራራና በባሕር የተከበበች፣ በሮቿን በኬላ የዘጋች፣ ከጥንቷ መዲና ከኪዮቶ የራቀች ነበረች። በዚህም የተነሣ ኪዮቶ የተወቻቸው የግስ እርባታዎች ሳይቀሩ በኪዩሹ ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ምስክር ግን የተገኘው በሩሲያ ነው። በ1728 ከሳትሱማ ወደ ኦሳካ የተነሣች መርከብ በማዕበል ተገፍታ ስድስት ወር ያህል ከተንከራተተች በኋላ ካምቻትካ ደረሰች። ከ17ቱ ተሳፋሪዎች 15ቱን ኮሳኮች ገደሏቸው። የተረፉት ሶዛ የተባለ ሰውና የመርከብ መሪው ልጅ፣ የ11 ዓመቱ ጎንዛ ነበሩ። ሁለቱም ወደ ፒተርስበርግ ተወሰዱ፤ ሶዛ በ1736 ሞተ። ጎንዛ ጃፓንኛ እያስተማረ፣ ከአንድሬይ ቦግዳኖቭ ጋር 12,000 ያህል ቃላት የያዘ የሩሲያና የጃፓን መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ፣ በ1739 ገና በ21 ዓመቱ አረፈ።

ጎንዛ የሚያውቀው አፉን የፈታበትን የሳትሱማ አነጋገር ብቻ ነበር። ቃላቱ በሩሲያ ፊደል ስለተጻፉ፣ የቻይና ሥዕላዊ ፊደል የሚሰውረው ድምፅ ሳይቀር ተመዘገበ። የዛሬ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ዘዬ የሚያጠኑት በዚሁ ሥራው ነው።

ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ የቶኪዮን አነጋገር መደበኛ አደረገ፤ የአገር ቤቱም ዘዬ እንደ ጉድለት ተቆጠረ። ዛሬ የአያቱን ንግግር እየሰማ በመደበኛው ቋንቋ የሚመልስ ወጣት ብዙ ነው። ያ የሰላይ ወሬ ዘዬውን ለመሳፍንቱ ይሰጣል። ባለቤቶቹ ግን እንደ ጎንዛ ከእናታቸው ጉያ የተማሩት ናቸው፤ የሚጠፋም ከሆነ የሚጠፋው በእነርሱው ቤት ነው።