በመንገደኛ እጅ

በልጅነቴ ከፍኖተ ሰላም ደብዳቤ የሚሄደው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ፖስታ ቤት ነው። በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነው ፖስታችን ደብዳቤን ሣጥን ድረስ ያመጣል እንጂ ደጃፍ አያንኳኳም ነበር። ሣጥን የሌለው «በእገሌ በኩል» እያለ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ያስጽፋል። ሁለተኛው መንገደኛ ነው። ወደ ማንኩሳ ወይም ወደ ቡሬ የሚሳፈር ሰው፣ የማያውቀው የጻፈውን ለማያውቀው ሰው ይዞ ይሄዳል። ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር።

አንድ ቀን እኔው ቡሬ ያደረስኩት የታሸገ ደብዳቤ ሁለት ወንድማማቾችን በመሬት ነገር አጣላ። ፊርማ የለውም። ጸሐፊው ሳይታወቅ ቀረ፤ የታወቅሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሽማግሌ ይዞ እስኪሄድ ድረስ በዚያ ሰፈር ማለፍ አልቻልኩም።

ይህን ያስታወሰኝ ኢሜል ነው። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ያዘጋጀው የኢሜል መላላኪያ ደንብ የመንገደኛውን ልማድ ይፈቅድ ነበር፤ አንዱ ሰርቨር ከማያውቀው ተቀብሎ ለማያውቀው ያስተላልፋል። መረቡ ትንሽ፣ ሰዎቹም የሚተዋወቁ በነበሩበት ጊዜ ይህ ደግነት ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለእኛ አገር ሕዝብ ሲከፈት ግን ዓለም በደግነቱ መማረር ጀምሮ ነበር። የማስታወቂያ ነጋዴዎች በሰው ሰርቨር እየገቡ አንዱን መልእክት ለእልፍ ሰው ይበትኑበታል። ስድቡ የሚመለሰው ለአስተላላፊው ነው። ስሙ ጥቁር መዝገብ ላይ ከሰፈረ የራሱን ደብዳቤ እንኳ የሚቀበለው ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴንድሜይል 8.9 ባለቤቱ ካልከፈተለት በቀር በሩን ዘግቶ መጣ።

ዛሬ ቤቴ ያለች አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር የቤተሰቤን ኢሜል ታስተናግዳለች። ለቤታችን የመጣውን ከማንም ትቀበላለች፤ ወደ ሌላ የሚሄደውን ግን በይለፍ ቃል ማንነቱን ካስረዳ የቤት ሰው ብቻ። በላኪነት የተጻፈውን ስም አታምንም፤ ስም ማንም ይጽፋልና። አስተካክዬ ስጨርስ ከውጭ ሆኜ፣ እንደ እንግዳ፣ ለሌላ እንግዳ መልእክት ሞከርኩ። «ማስተላለፍ ተከልክሏል» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይህችን ቡሬ አድርስልኝ» ብለው የታሸገ ፖስታ ዘረጉልኝ። «ከማን ነው እማማ? ውስጡስ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፖስታውን መልሰው ከነጠላቸው ሥር ከተቱት።