ልጅ የተባለው ባል

እ.ኤ.አ. በ1922 አይስላንዳዊው የዓሣ ተመራማሪ ቢያርኒ ሳይሙንድሶን ከጥልቅ ባሕር የወጣች አንዲት ዓሣ መረመረ። በግንባሯ ላይ እንደ መንጠቆ ዘንግ ያለ ነገር የበቀለላት ጥቁር ዓሣ ናት። ከሆዷ ሥር ሁለት ትናንሽ ዓሦች በአፋቸው ተጣብቀው ተንጠልጥለዋል። ሳይሙንድሶን ልጆቿ ናቸው ሲል ጻፈ። እንዴትና መቼ እንደተጣበቁባት ግን ሊገባው ስላልቻለ፣ እንቆቅልሹን ለመጪ ተመራማሪዎች ተወው።

በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል። ትንሹ በትልቁ ላይ ተንጠልጥሎ ስናይ እናትና ልጅ ነው የሚመስለን።

በ1925 በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቻርልስ ቴት ሬጋን በሌላ ዓሣ ላይ የተጣበቀውን ትንሽ ዓሣ ቀዶ አየው። ሕፃን አልነበረም፤ ለመራባት የደረሰ ወንድ ነበር። የአፉ ሥጋ ከሴቷ ሥጋ ጋር አንድ ሆኗል። የሚመገበው በእሷ ደም ነው። ሴቷ ከአንድ ሜትር በላይ ልታድግ ስትችል ወንዱ በሳንቲሜትር ይለካል። እንዲያውም በሌላ የዚሁ ወገን ዝርያ 6.2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ወንድ ተገኝቷል።

ስህተቱ ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ገና ሴት ያላገኙት፣ ለብቻቸው የሚዋኙት ወንዶች ቀደም ሲል በመረብ ተይዘው ነበር። ጀርመናዊው ኦገስት ብራወር በ1902 ለእንዲህ ያሉት ዓሦች የተለየ ስም አወጣላቸው፤ ኋላም ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ተደርገው ተመደቡ። ባልና ሚስት በሙዚየም መደርደሪያ ላይ እንደ ባዕድ ተለያይተው ዓመታት ቆዩ። ሬጋንና ኤተልዊን ትሬዋቫስ በ1932 ሰፊ ጥናታቸውን ሲያሳትሙ ነው ወንዶቹ ወደየሴቶቻቸው ወገን የተመለሱት።

የኑሯቸው ምክንያት ጨለማው ነው። ፀሐይ በማይደርስበት ሰፊ ውኃ ውስጥ ተጓዳኝ ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ በብዙዎቹ ዝርያዎች ወንዱ በትልልቅ ዓይኖቹ ወይም በአፍንጫው እየታገዘ ሴቷን ይፈልጋል፤ ሲያገኛት ይነክሳትና ይይዛታል። አንዳንዶቹ ለጊዜው ተጣብቀው ይለያያሉ። ሌሎቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን አይለቁም፤ ዓይናቸው እየሟሸሸ፣ የዘር ፍሬያቸው እየዳበረ ይሄዳል።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰም ነበር። የሰው ልጅ የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከልለት የሰውነቱ መከላከያ ባዕድ ነህ ብሎ ይዋጋዋል፤ ያለ መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ አይቀበለውም። ታዲያ ይህቺ ዓሣ ሌላ አካል እንዳለ እንዴት ተቀበለች? መልሱ በ2020 በጀርመንና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ታተመ። ወንዶቹ ለዘለቄታው በሚጣበቁባቸው ዝርያዎች፣ ፀረ እንግዳ አካላትን ለማጠንከር የሚያስፈልግ ዘረመል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል። በርካታ ወንዶችን በሚሸከሙት ውስጥ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት ጨርሶ እንዳይሠሩ የሚያደርግ ጉድለት ተገኘ። ሴቷ እንግዳውን የተቀበለችው አጥሯን አፍርሳ ነው። ያለዚያ አጥር ከበሽታ እንዴት እንደምትተርፍ ገና እየተጠና ነው።

ሳይንስ ይህን ወንድ «ጥገኛ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ትል ጥገኛ ነው፤ በሰው አገር በር ላይ የቆመውም ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። «እንግዳ»ም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ባዕድ፣ አንዴ ቡና የሚፈላለት። በስደት የምንኖር ሰዎች የትኛው ፊት እንደሚታይብን ባለቤቱ ሲወስን አይተናል። የዚህ ዓሣ ታሪክ ግን ስሙ ከመሰጠቱ በፊት ገልጦ ማየት እንደሚገባ ያስተምራል። ልጅ የተባለው ባል ነበር። ጥገኛ የተባለውም ቢሆን፣ ያለ እሱ የሴቷ እንቁላል ፍሬ አያፈራም።