ዜና ብሩሽ ዘኮምፒውተር

በ1965 ዓ.ም. በወርኃ ሚያዝያ፣ በካሊፎርኒያ ምድር ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ቤት፣ ሪቻርድ ሾፕ የሚባል ሰው ሱፐርፔይንት በተሰኘው መሣሪያው የመጀመሪያውን ሥዕል በመስኮቱ ላይ አወጣ። መሣሪያው በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ያሳይ ነበር።

በዚያው ዓመት ወሎ በረኃብ ተመታች። ገበሬው ከብቱን ጨርሶ፣ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደሚያልፈው አውራ ጎዳና ወረደ፤ ያም ረኃብ ለንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ አንዱ ምክንያት ሆነ። ሁለቱን ነገር አንድ ዓመት ይዟቸዋልና ለየብቻ መጻፍ አይገባም።

ከዚህ በኋላ በጥር 1976 ቢል አትኪንሰን የሠራው ማክፔይንት ወጣ። እርሳስና ብሩሽ ነበረው፤ ቀለሙ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ከረኃብ ሸሽቶ ኮረም የተሰበሰበው ሕዝብ በቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ።

በ1983 ደርግ ወደቀ። በፈረንጆች 1991 ደግሞ ማርክ ዚመርና ቶም ሄጅስ ፔይንተር የተባለውን ሶፍትዌር አወጡ፤ እንደ ቤት ቀለም በቆርቆሮ ተሞልቶ ተሸጠ። ከዚያ በፊት የነበረው ብሩሽ የትም ቢያሰምሩበት መስመሩ ባብዛኛው አንድ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ብሩሹን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም አሰቡለት። ወረቀቱ ለኮምፒውተሩ ኮረብታና ሸለቆ ያለው አገር ሆነ፤ ከሰሉ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ኮረብታውን ብቻ ያጠቁራል፣ ሲጫኑት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የሠዓሊውን እጅ ክብደትም ግፊት የሚለካ ብዕር ይነግረዋል። ጠመኔ፣ ከሰል፣ የዘይት ቀለም እንዲህ ሆነው በመስኮቱ ላይ ኖሩ። ታላቅነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለገጹ ክብር ሰጠ።

ይህን የወሎ ጸሐፍት ከጥንት ያውቁታል። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ሲሆን፣ ጠጕር የነበረበት ፊትና ሥጋ የነካው ፊት ቀለምን እኩል አይቀበሉም። የጥላሸቱ ጥቁርና ለቅዱሳን ስም የሚገባው ቀይም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የመቃው ብዕር እንደ ያዙት ያሰፋል፣ ያቀጥናል።

ፔይንተር በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኩባንያ ከሜታቱልስ ጋር ሲዋሐድ ሜታክሪየሽንስ በተባለው ስም ሥር ገባ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ኮሬል ገዛው፤ ኮሬል ፔይንተር በሚል ስምም ተሸጠ። ተጠቃሚው የራሱን ምስል የወረቀት ገጽ አድርጎ እንዲያስገባም ይፈቅዳል። ስለዚህ በወልድያ ወይም በሐብሩ ያለ ወጣት ሠዓሊ ብራናን በስካነር አንሥቶ ሊሥልበት ይችላል፤ ሁለቱንም ፊት ለየብቻ ቢያነሣ ይበጃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመቃው አፍ ነው፤ በስንት ማዕዘን እንደሚቈረጥና ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚሰፋ ከጸሐፊው እጅ አጠገብ ተቀምጦ መለካት ያስፈልጋል።