7ኛው ልጅ

ሰሞኑን ከሮብ ገበያ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያኔ ለዞን ውድድር 6 ልጅ ሲመርጡ እኔ 7ኛ ነበርኩ» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

በልጅነት የወጣ ደረጃ ምን ያህል ያዛልቃል? ከኛው ጎጃም ልጀምር (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው)። የደብረ ማርቆሷ መሰለች መልካሙ በ2004 ብራስልስ ላይ የዓለም አገር አቋራጭን የወጣት ሴቶች ውድድር አሸነፈች። ከ5 ዓመት በኋላ ዩትሬክት ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29:53.80 ገብታ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ያዘች። እዚህ ላይ ደረጃው አልዋሸም።

በዚያው ዓመት በርሊን፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ግን ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ መስመሩ ጋ በ0.10 ሰከንድ ቀደመቻት። ማሳይም በ2007 ሞምባሳ ላይ ያንኑ የወጣቶች ውድድር ያሸነፈች ናት። እስከዚህ ድረስ ለመራጮች ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሦስተኛ የወጣችው ግን ሌላዋ የጎጃም ልጅ ውዴ አያሌው ናት፤ ያንን ውድድር አሸንፋ አታውቅም። ከመሰለች የዘገየችው 0.61 ሰከንድ ብቻ!

  

የኔ ዝርዝር የወጣው በአንድ ሮብ ጠዋት፣ በአንድ ሩጫ ነው። ያ 7ኛው ልጅ በዚያ ቀን ከንጋት ጀምሮ ጤፍ ተሸክሞ ገበያ አድርሶ ነበር የመጣው። እስኪደውልልኝ ድረስ አላወቅኩም፤ ጠይቄውም አላውቅም።